ብቻዎን ተራራ ሊያቋርጡ ሲነሡ

እስቲ አንድ ነገር በልብዎ ያስቡ። ልጆችዎ አድገው ከቤት ወጥተዋል። ሌሊት የሚቀሰቅስ የልጅ ለቅሶ፣ የጠዋቱ ግርግር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሁሉ አልፏል። ታዲያ አንድ ቀን ማዕድ ላይ፣ «ለጥቂት ሳምንታት ብቻዬን በእግሬ ተራራ ላቋርጥ ነው» ቢሉ ቤተሰብዎ ምን ይልዎታል? በአብዛኞቻችን ቤት የሚሰማውን መልስ መገመት አያስቸግርም። «ምን ጎደለሽ?» ይላል ባል። «አውሬ ቢበላሽስ?» ትላለች እህት። ከልጆቹ አንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማዬን ሐኪም ቢያያት አይሻልም?» ይላል።

ይህ አያስደንቅም። በእኛ ዘንድ በእግር መጓዝ የኑሮ ግዴታ እንጂ መዝናኛ አልነበረም። አያቶቻችን ገበያ ለመውጣት፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ዳኛ ፊት ለመቆም ቀናት ይጓዙ ነበር፤ ማንም ግን ጋዜጣ ላይ አላወጣቸውም። ደግሞም ሰው መንገድ ሲነሣ አብሮት የሚሄድ ይፈልግ ነበር፤ ስንቁን ያዘጋጃል፤ የት የት እንደሚያድርም ቤተሰቡ ያውቃል። ወደዚህ ልማድ በኋላ ስለምመለስበት በልብዎ ያኑሩት።

የ67 ዓመቷ መንገደኛ

እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን 1955 አንዲት የ67 ዓመት እናት በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ከሚገኘው ከኦግልቶርፕ ተራራ ተነሥተው ወደ ሰሜን መራመድ ጀመሩ። ስማቸው ኤማ ጌትውድ ይባላል። በኋላ ግን አገሩ ሁሉ «እማማ ጌትውድ» እያለ ጠራቸው። የ11 ልጆች እናት፣ የ23 የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። የሚጓዙበት የአፓላቺያን መንገድ በዚያን ጊዜ ርዝመቱ ወደ 3,300 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ለልጆቻቸው የነገሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልንሸራሸር ነው» አሏቸው። የት እንደሆነ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነገሩም።

ወይዘሮ ኤማ በኦሃዮ ገጠር ከገበሬ ቤተሰብ፣ 15 ልጆች በነበሩበት ቤት ተወልደው ያደጉ ናቸው። በ19 ዓመታቸው ትዳር ያዙ። ባልየው ግን የሚደበድባቸው ሰው ነበር። ጥርሳቸውንና የጎን አጥንታቸውን የሰበረባቸው ጊዜ ነበር። ሲብስባቸው ሸሽተው የሚሄዱት ወደ ጫካ ነበር፤ በዛፎቹ መካከል ትንፋሻቸውን ሰብስበው ወደ ልጆቻቸው ይመለሳሉ። ከባላቸው በሕግ የተለያዩት ከ30 ዓመት በላይ በትዳር ከቆዩ በኋላ፣ በ1941 ነው። ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው፣ ሴትየዋ ጫካን እንደ አስፈሪ ስፍራ አለማየታቸው አይገርመውም። ለእርሳቸው የሚያስፈራው ቤት ነበር።

ልጆቻቸው ሁሉ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ስለ አፓላቺያን መንገድ የወጣ ጽሑፍ አነበቡ። ጽሑፉ መንገዱ ምቹ እንደሆነ፣ በየቀኑ ጉዞ መጨረሻ ንጹሕ ማደሪያ እንደሚገኝ አድርጎ የጻፈ መሰላቸው። ሄደው ሲያዩት እንደዚያ አልነበረም። ያገኟቸው ከነበሩት መጠለያዎች የፈረሱ፣ የተቃጠሉ፣ አይጥ የወረራቸው ነበሩ። መንገዱ በወደቁ ዛፎችና በቁጥቋጦ የተዘጋበት ስፍራም ነበር። እንደዚህ አስቸጋሪ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ከመነሻው እንደማይጀምሩት፣ ከጀመሩ በኋላ ግን ማቋረጥ እንዳልፈለጉ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ሴፕቴምበር 25 ቀን 1955፣ ከ146 ቀን ጉዞ በኋላ፣ በሜይን ግዛት ካታህዲን ተራራ ጫፍ ላይ ቆሙ። መንገዱን ሁሉ በአንድ ወቅት ብቻዋን የሄደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1957 ደገሙት። በ1959 ደግሞ ከሚዙሪ እስከ ኦሪገን ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጓዙ። ሦስተኛውን የአፓላቺያን ጉዞ ክፍል በክፍል እየሄዱ በ1964 ፈጸሙ። በ1973 በ85 ዓመታቸው ዐረፉ።

መንገዱ ዛሬ

ይህን ጽሑፍ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ሆነው የሚያነቡ ወገኖቻችን፣ ይህ መንገድ ከቤታቸው በአንድና በሁለት ሰዓት መኪና ርቀት እንደሚያልፍ ያውቁ ይሆን? ብዙዎቻችን በመጸው ቅጠሉ ሲቀላ ፎቶ ለመነሣት ወደ ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንወጣለን። እዚያ ዛፍ ላይ ቁመቱ 15፣ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጭ የቀለም ምልክት አይተው ከሆነ መንገዱን አግኝተውታል ማለት ነው። ሐሳቡን በ1921 ያቀረቡት ቤንተን ማካይ የተባሉ ሰው ሲሆኑ፣ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘው በ1937 ነው። ዛሬ በ14 ግዛቶች ውስጥ ያልፋል፤ ርዝመቱም ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ሁለት ጊዜ ደርሰው ቢመለሱ እንኳ ይህን አይሞላም። የደቡቡ መነሻም ከ1958 ጀምሮ ወደ ስፕሪንገር ተራራ ተዛውሯል።

ሙሉውን ለመሄድ ከአምስት እስከ ሰባት ወር ይፈጃል። ብዙዎች በማርች ወይም በኤፕሪል ከጆርጂያ ይነሣሉ፤ ምክንያቱም በሜይን የካታህዲን ተራራ ያለበት ፓርክ ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ማደርን አይፈቅድም። በየዓመቱ ሙሉውን ለመሄድ ከሚነሡት ውስጥ የሚፈጽሙት ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። የቀሩት ሰነፎች ናቸው ማለት አይደለም። ጉልበት ያበጠበት አለ፤ ገንዘብ ያለቀበት አለ፤ ናፍቆት የመለሰውም አለ። ስለዚህ ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ክፍል በክፍል መሄድ ነው። ዘንድሮ የሼናንዶዋን 160 ኪሎ ሜትር፣ ለከርሞ የሜሪላንድን 65 ኪሎ ሜትር እያሉ መቀጠል ይቻላል። እማማ ጌትውድም ሦስተኛውን እንዲሁ ነው የሄዱት፤ ማንም አላሳነሰባቸውም።

ስንቅና ሸክም

ወይዘሮ ኤማ የሄዱት በሸራ ጫማ ነው። ሲያልቅባቸው ሌላ ሸራ ጫማ ይገዙ ነበር። ዕቃቸውን የያዙበትን ከረጢት ከጂንስ ጨርቅ በእጃቸው ሰፍተውት በአንድ ትከሻቸው ያንጠለጥሉት ነበር። ድንኳን አልያዙም፤ ለዝናብ የመታጠቢያ ቤት የላስቲክ መጋረጃ፣ ለብርድ አንድ ብርድ ልብስ ነበራቸው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ በእሳት አሙቀው በላዩ ይተኙ ነበር። ምግባቸው ዘቢብ፣ ለውዝ፣ የቆርቆሮ ቋሊማና ከመንገድ ዳር የሚለቅሙት የሚበላ ቅጠል ነበር፤ ቅጠሉን ከገጠር ልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የከረጢቱ ክብደት ከ9 ኪሎ ብዙም አይበልጥም ነበር።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት ይታያል። አንዱ ሰው ሱቅ ገብቶ የቀረበለትን ሁሉ ገዝቶ 25 ኪሎ ይሸከማል፤ በሦስተኛው ቀን ወገቡን ይዞ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ የእማማ ጌትውድን ታሪክ ሰምቶ፣ «እርሳቸው በላስቲክ መጋረጃ ከሄዱ እኔ ምን አነሰኝ?» ብሎ ይነሣል። እርሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን መሬት የቆፈሩ፣ እንጨት የተሸከሙ ሰው ናቸው፤ በቢሮ ወንበር ከተቀመጠ ሰው ጋር አይወዳደሩም። ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው፣ ውሃውና ምግቡ ተጨምሮ ሸክሙ ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ነው። 60 ኪሎ ለምትመዝን እናት 12 ኪሎ ማለት ነው። ከመነሣትዎ በፊት ሁሉንም ወለል ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ ይመዝኑ። «ምናልባት ያስፈልገኛል» የሚባለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የማያስፈልገው ነው። ሁለተኛ መነጽር ግን አይተዉ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ስለ ስንቅ ከሆነ እኛ ከማንም አናንስም። ቀኑን ሙሉ ሸክም ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው ሰውነቱ ከ4,000 ካሎሪ በላይ ሊያቃጥል ይችላል፤ ስለዚህ ቀላል ሆኖ የሚያጠግብ ምግብ ይፈልጋል። ታዲያ በሶ ምን አጥቶ ነው? እሳት አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ ሳምንታት ቢቆይ አይበላሽም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮም እንዲሁ። በአሜሪካ የተራራ ዕቃ መደብሮች በውድ ዋጋ ከሚሸጡት የታሸጉ ምግቦች ይልቅ እናቶቻችን ለዘማች ያዘጋጁት የነበረው ስንቅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በቤት ውስጥ በሶ መፍጨት ላልቻለም በሐበሻ ሱቆች ይገኛል። ማታ ግን ምግብዎን ድንኳን ውስጥ ይዘው አይተኙ፤ በአፓላቺያን ተራሮች ጥቁር ድብ አለ። ምግቡ ለዚሁ በተሠራ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይም ከመኝታዎ ርቆ ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ በገመድ ይሰቀላል።

ብርድ፣ እግርና መዥገር

ሰው የሚፈራው ድብን ነው። ድብ የገደለው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ይልቅስ የሚያሰጋው ብርድ ነው፤ ያውም የበረዶ ብርድ ሳይሆን የዝናብና የነፋስ ብርድ። ውሃው በረዶ በማይሠራበት አየር እንኳ ልብሱ የራሰና ነፋስ የሚመታው ሰው የሰውነቱ ሙቀት ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ንግግሩ ይጎተታል፤ ሐሳቡ ይደናገራል። ብቻውን የሚሄድ ሰው በዚህ ጊዜ፣ «ፊትህ ገርጥቷል፤ ቁጭ በል» የሚለው ጓደኛ የለውም። የብቸኛ ጉዞ ትልቁ አደጋ ይህ ይመስለኛል፤ ራስዎን የሚያይልዎት ሌላ ዓይን አለመኖሩ። ስለዚህ ከሰውነትዎ ጋር የሚገናኘው ልብስ ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ከራሰ በኋላ ሙቀት አይዝም። አንድ ቅያሪ ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው ለመኝታ ብቻ ያስቀምጡ፤ ምንም ቢፈጠር ቀን አይልበሱት።

እግር ውሃ መቋጠር የሚጀምረው ሲሞቅ ነው። ትኩሳቱ እንደተሰማዎት ቆመው ጫማዎን ያውልቁ፤ ያደርቁት፤ በፕላስተር ይሸፍኑት። «እዚያ ዳገት ላይ ስደርስ» ያለ ሰው ሦስት ቀን ያነክሳል። ከምንጭ የሚቀዱትን ውሃ፣ የቱንም ያህል ጥርት ቢል፣ ያጣሩ ወይም ያፍሉ። ማታ ማታ ደግሞ ሰውነትዎን በመዥገር ይፈትሹ፤ በተለይ ከቨርጂኒያ ወደ ሰሜን ባለው ክፍል ላይም የተባለውን በሽታ የምታስተላልፍ እንደ ፍሬ ዘር ያነሰች መዥገር አለች።

መንገድ ሲጠፋ

እማማ ጌትውድ በ1955 ከመሳካቱ በፊት አንድ ጊዜ ወድቀው ነበር። በ1954 ጉዞውን ከሰሜኑ ጫፍ፣ ከሜይን ጀምረው ጥቂት ቀን እንደሄዱ መንገዱ ጠፋባቸው። መነጽራቸው ተሰበረ፤ ምግባቸው አለቀ። የደን ጠባቂዎቹ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ መከሯቸው፤ እርሳቸውም ተመለሱ። ለልጆቻቸው ግን አንድም ቃል አልተናገሩም።

በዚያው በሜይን፣ በጁላይ 2013 ከእርሳቸው ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ያላቸው ሌላ እናት ብቻቸውን ይጓዙ ነበር። ባለቤታቸው በመኪና እየቀደሙ በተቀጣጠሩበት ስፍራ ስንቅ ያቀብሏቸዋል። አንድ ቀን ለመጸዳዳት ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ አሉ፤ ተመልሰው መንገዱን ሊያገኙት አልቻሉም። በስልካቸው ለባለቤታቸው መልእክት ጻፉ፤ በዚያ ደን ውስጥ ግን ኔትወርክ ስላልነበረ መልእክቱ አልደረሰም። ባለቤታቸው በቀጠሮው ቦታ ሲያጧቸው አመለከቱ፤ ብዙ ሰዎችም በእግር፣ በውሻና በአውሮፕላን ፈለጓቸው። እኚህ እናት ድንኳናቸውን ተክለው ከሁለት ሳምንት በላይ በሕይወት ቆይተዋል፤ በማስታወሻ ደብተራቸውም ለቤተሰባቸው ጽፈዋል። አስከሬናቸው የተገኘው በ2015 ነው፤ ያውም ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ።

ይህን የጻፍኩት ለማስፈራራት አይደለም። እኚህ እናት ለቤተሰባቸው ተናግረዋል፤ ቀጠሮም ይዘዋል፤ ፍለጋውም ቶሎ ተጀምሯል። ታዲያ ምን ጎደለ? የሜይን ደን እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሰው ከመንገድ ሃምሳ ርምጃ ቢወጣ ዙሪያው ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ ሰው ካርታና ኮምፓስ መያዝ ብቻ ሳይሆን ቤቱ አጠገብ ባለ መናፈሻ ደጋግሞ ሊለማመድባቸው ይገባል። ለመጸዳዳት ሲወጡ ቦርሳዎን መንገዱ ላይ አያስቀሩ፤ ይዘውት ይውጡ፤ ሲሄዱም ደማቅ ጨርቅ በየቅርንጫፉ እያሰሩ ይሂዱ፤ ሲመለሱ ይፈቱታል። መጥፋትዎን ባወቁበት ቅጽበት ቁጭ ይበሉ፤ ውሃ ይጠጡ። መንገዱን አገኛለሁ ብሎ ወደ ፊት መግፋት ከሚፈልጉዎት ሰዎች ያርቅዎታል። ሰማይ ወደሚታይበት ገላጣ ስፍራ ቀርበው ደማቅ ነገር ይዘርጉ። ፊሽካ በሦስት በሦስት ይንፉ፤ በአሜሪካ ሦስት ድምፅ የርዳታ ጥሪ ነው። ዛሬ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ በቀጥታ በሳተላይት መልእክት የሚልኩ እፍኝ የማይሞሉ መሣሪያዎች አሉ። ለብቸኛ ተጓዥ ከድንኳኑ ቀጥሎ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በመንገድ የሚገኙ ሰዎች

ብቻ መሄድ ማለት ሰው አለማግኘት ማለት አይደለም። በኦገስት 1955 ኮኒና ዳያን የተባሉ ሁለት ከባድ ማዕበሎች የአሜሪካን ሰሜን ምሥራቅ በጎርፍ ሲያጥለቀልቁ እማማ ጌትውድ መንገድ ላይ ነበሩ። በቨርሞንት የሞላ ወንዝ ፊት ደርሰው ቆሙ። ሁለት ወጣቶች መጥተው በገመድ ከራሳቸው ጋር አስረው አሻገሯቸው። በሌላ ቀን ደግሞ በር አንኳኩተው ማደሪያ ሲለምኑ አንዳንዱ ያስገባቸዋል፤ አንዳንዱ ይመልሳቸዋል። የተከለከሉ ቀን በረንዳ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያድራሉ።

ዛሬ ከጆርጂያ እስከ ሜይን በየአንድ ቀን ርቀቱ ከ250 በላይ የእንጨት መጠለያዎች አሉ፤ በየመንደሩም በራቸውን ለተጓዦች የከፈቱ ቤተ ክርስቲያኖች ይገኛሉ። በፔንሲልቬኒያ ዴላዌር ወተር ጋፕ ያለችው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቷን ለአስርት ዓመታት ለመንገደኛ ማደሪያ አድርጋዋለች። የጭቃ ጫማቸውን ይዘው ለሚገቡ እንግዶች! የእኛ አጥቢያዎች አዲሱን ምንጣፍ አስበው ምን ይሉ ይሆን?

በርግጥ ሁሉም መንገደኛ ደግ አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ ሰው የተገደለባቸው ጊዜያት አሉ፤ ጥቂት ቢሆኑም አሉ። ልብዎ ያልወደደው ሰው መጠለያው ውስጥ ካለ፣ ቢመሽም ጥቂት ራቅ ብለው ይደሩ፤ የት እንደሚያድሩ ለሚጠይቅ ሁሉ አይናገሩ። «ብቻዎን ነዎት?» ለሚል ሰው፣ «ጓደኞቼ ከኋላ እየመጡ ነው» ማለትን ብዙ ሴት ተጓዦች ይጠቀሙበታል።

አገር ቤት ላሉ አንባቢዎቻችን

«እኛስ ተራራ አናጣ» እንደሚሉ አውቃለሁ። በ1969 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ አቅራቢያው ያለው ራስ ዳሸንም ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከአፓላቺያኖቹ ከማንኛውም ተራራ በእጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን በፓርኩ ደንብ መሠረት ከደባርቅ ጽሕፈት ቤት መሣሪያ የያዘ ስካውት ሳይዙ መግባት አይቻልም፤ ስለዚህ በትክክለኛ ትርጉሙ ብቻ መሄድ እዚያ የለም። በዚህ አልከፋም፤ የአያቶቻችን ልማድም ይኸው ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጡ ግን የመኝታ ቦታዎን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አያድርጉ፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጸናብዎትም ወደ ታች ይውረዱ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በአማራ ክልል ውጊያ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ የጸጥታውን ሁኔታ በቅርብ ከሚያውቁ ሰዎች ሳያረጋግጡ ወደዚያ መነሣት አይገባም።

ቤተሰብዎ ጋር የሚቀረው ወረቀት

እማማ ጌትውድን አደንቃቸዋለሁ፤ ለልጆቻቸው አለመናገራቸውን ግን ማንም እንዲከተለው አልመክርም። ምክንያታቸውን እረዳለሁ። ሠላሳ ዓመት በሰው ፈቃድ የኖረ ሰው እንደገና ፈቃድ መጠየቅ አይፈልግም። ሆኖም ፈቃድ መጠየቅና ማሳወቅ የተለያዩ ናቸው። እናታቸው መንገድ ላይ ብትወድቅ የት እንደሚፈልጓት የማያውቁ 11 ልጆች ነበሩ።

ስለዚህ ሊነሡ ሳምንት ሲቀርዎት ከቤተሰብዎ ጋር ተቀምጠው በአንድ ገጽ ላይ በግልጽ ይጻፉ። የሚነሡበትን ቀንና ስፍራ፣ በየትኛው ማታ የት ለማደር እንዳሰቡ፣ የድንኳንዎንና የጃኬትዎን ቀለም፣ የጫማዎን ቁጥር፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ይጻፉ። በየስንት ቀኑ እንደሚደውሉ ይስማሙ፤ በየቀኑ እደውላለሁ ብለው ቃል አይግቡ፤ ተራራው አይፈቅድልዎትም፤ ቤተሰብዎም በከንቱ ይሸበራል። ከዚያ በታች፣ በተባለው ቀን ድምፅዎ ካልተሰማ ስንት ሰዓት ጠብቀው ለማን እንደሚደውሉ ከስልክ ቁጥሩ ጋር ይጻፉ፤ ያ ሰዓት ሲደርስ «ትንሽ እንጠብቅ» እንዳይሉ አሁኑኑ ይነጋገሩበት። ወረቀቱን በማቀዝቀዣው በር ላይ ይለጥፉት፤ ሌላውን ቅጂ ለጎረቤት ይስጡ።